የሦስት ቁጥሩ ስም ማን ነው?

ሆሳዕና፣ ከስታዲየሙ በር ፊት ለፊት፣ ከጎማ ጥገናው አጠገብ ባለችው ጠባብ ሱቅ ውስጥ ማልያ ላይ ስምና ቁጥር የምለጥፈው ሰውዬ እኔ ነኝ። ተክለጊዮርጊስ እባላለሁ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ በዚችው ሱቅ ጨርቅ ሲሸጥ ኖረ፤ እኔ ጨርቁን ትቼ ማልያ አመጣሁ። ባለቤቴ ሙሉመቤት ፊደሉን ትቆርጣለች፣ እኔ በሙቀት ማተሚያው እለጥፋለሁ። በዚህ ሥራ አሥራ አራት ዓመት ስንቆይ አንድ ነገር አሳምሬ አውቃለሁ ብዬ እኮራ ነበር፤ የትኛው ተጫዋች ምን ያህል እንደሚወደድ። ጋዜጠኛ በወሬ ይሳሳታል፣ አሰልጣኝ በይሉኝታ ይሳሳታል፤ ሰው ግን የማይወደውን ስም ጀርባው ላይ አያስለጥፍም። ካለፈው ሰኔ ወዲህ ምን እንደማውቅና ምን እንደማላውቅ ተምታቶብኛል። ሙሉመቤት «ተወው፣ ያንተ ጉዳይ አይደለም» ትለኛለች። መተው ግን አልቻልኩም።

ነገሩ ስለ አንድ የግራ መስመር ተከላካይ ነው።

በሁለት ሺህ አራት ዓ.ም. የከተማችን ክለብ ጎፈር ኮከብ ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች ልጆችን ሊመርጥ የሙከራ ጨዋታ አዘጋጀ። ከሀቢቾ፣ ከፎንቆ፣ ከየገጠሩ የመጣ ልጅ ሜዳውን ሞላው። በመጨረሻ ሦስት ብቻ ተመረጡ፤ አጥቂው ሀምዛ፣ በረኛው ጠናና የፎንቆው ልጅ ናስረዲን። ሦስቱም በአንድ ቀን ገቡ፣ በአንድ ክፍል ተኙ፣ የመጀመሪያ ማልያቸውንም በአንድ ቀን እኔው አተምኩላቸው። ስለዚህ ወደድኩም ጠላሁም ሳወዳድራቸው ኖርኩ።

ሀምዛን ማን ይጠላዋል? ጎል ያገባል፣ ካገባ በኋላ ወደ ደጋፊው ሮጦ አጥር ላይ ይሰቀላል፣ በመንገድ ሲያልፍ ከወዲያ ማዶ «ሀምዛ» ካልከው ስምህን ባያውቅም አቅፎህ ይሄዳል። ክለቡ ወደ ፕሪምየር ሊግ ባደገበት ዓመት በሱ ስም መቶ አርባ ማልያ አትሜያለሁ። ጠናም ቢሆን በአንድ ዓመት ሦስት ፍጹም ቅጣት ምት አድኖ ስሙን ተክሏል፤ በዚያ ዓመት ሠላሳ ሰባት አተምኩለት። በዚያው ዓመት የናስረዲን አራት ነበር። አራት ስል አራት ነው።

አሁን ሥራቸውን እዩት። ጠና ትከሻው ተጎድቶ ከስድስት ዓመት በኋላ አቆመ። ሀምዛ ግማሹን ዘመን በጉዳትና በኩርፊያ ተቀምጦ አሳለፈ። ናስረዲን ግን አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በሦስት ክለብ፣ በመጨረሻም ተመልሶ በኛው፣ በዝናብም በፀሐይም በግራ መስመር ላይ ሲመላለስ ኖረ። ቀይ ካርድ አይቶ አያውቅም። ለብሔራዊ ቡድን አንዴ ተጠርቶ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተመልሷል። ሁለት ጎል አግብቷል፤ አንዷን እንኳ ነፋስ ነው ያገባት ይላሉ። አሰልጣኞች ሲቀያየሩ ሁሉም መጀመሪያ የሚጽፉት የሱን ስም ነበር፤ ደጋፊው ግን መጨረሻ ላይ እንኳ አያስታውሰውም። አምና አንድ የቴሌግራም ቻናል «ከሦስቱ እኩዮች ማን ይበልጣል?» ብሎ ድምፅ ሲያሰባስብ ሀምዛ ሰባት መቶ ምናምን፣ ጠና ሁለት መቶ፣ ናስረዲን አሥራ ዘጠኝ አገኙ። ከአሥራ ዘጠኙ አንዱ እኔ ነኝ፤ እሱም ጣቴ ስቶ ነው።

ለምን አይወደድም ቢባል መልሱ አንድ ነበር፤ ኩራተኛ ነው። ሕዝቡ ስሙን ሲጠራ አይዞርም። ልጆች ከበው «ናስረዲን፣ ናስረዲን» ሲሉት ቀጥ ብሎ ይሄድና አምስት እርምጃ ካለፈ በኋላ ድንግጥ ብሎ ይመለሳል። ወረቀት ሰጥተው ፈርምልን ሲሉት እስክሪብቶውን ይዞ ያስባል። እኔም ሱቄ ውስጥ ሁለቴ ጠርቼው ዝም ብሎኝ ያውቃል። ያን ቀን ለሙሉመቤት «ይሄ ልጅ ገና ሁለት ጎል አግብቶ ሰው ናቀ፣ ሃያ ቢያገባ ምን ሊሆን ነው» አልኳት። ከዚያ በኋላ አልወደድኩትም። እውነቱን መናገር ይሻላል፤ ጠልቼው ነበር።

ወንድሙን ግን እወደው ነበር። ወንድሙ በከተማችን የታወቀው ባለ ባጃጅ ፈትሁዲን ነው፤ ሁሉም «ፈቱ» ይለዋል። በገበያ ቀን ዝናብ ሲመጣ ከነጭነታቸው መንገድ ዳር የቀሩትን አሮጊቶች እየለቀመ በነጻ የሚያደርስ እሱ ነው። ምጥ የያዛት ሴት ካለች የሰፈሩ ሰው አምቡላንስ ከመጥራቱ በፊት ፈቱን ይጠራል። ጨዋታ ያውቃል፣ ሰው ይሰድበዋል እንጂ አይሳደብም። ፀጉሩ በጊዜ ስለተመለጠ ከተጫዋቹ ታላቅ እንደሆነ የሚጠራጠር አልነበረም። ከአራቱ የናስረዲን ማልያዎች ሁለቱን የሚያሳትመውም እሱ ነበር። በየዓመቱ ሁለት፤ አንዱን ለብሶ ይነዳል፣ አንዱን ያጥባል። «አይ የወንድም ነገር፣ እንዲህ ያለ ሰው ያን ኩሩ እንዴት ወንድም አደረገው» እል ነበር።

ባለፈው ግንቦት ናስረዲን ጫማ ሊሰቅል ነው ተባለ። ከተማው ተደነቀ። ወረቀቱ ላይ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ በሃያ ስምንት ዓመት ማን ያቆማል? «ሀምዛ በሃያ ዘጠኙ ይሮጣል፣ ይሄ ሰነፍ ነው» ተባለ። ያም ሆኖ የደጋፊዎች ማኅበር ሰብሳቢው ብዙነህ፣ አባቱም ነፍሱን ይማርና እንዲሁ ሰው መሸኘት ይወድ ነበር፣ ሱቄ መጥቶ «የዓመቱ መጨረሻ ጨዋታ ላይ እንሸኘዋለን፤ ናስረዲን ሦስት ቁጥር ብለህ አንድ ጥሩ ማልያ አዘጋጅ፣ በፍሬም እናስገባዋለን» አለኝ። አዘጋጀሁ።

ከጨዋታው አራት ቀን ቀደም ብሎ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ተጫዋቹ ራሱ ብቻውን መጣ።

«ጋሽ ተክሌ፣ አንድ ማልያ ያትሙልኝ» አለ።

«የሽኝትህን ብዙነህ አዞኛል፤ አልቋል።»

«እሱን አውቃለሁ። ይሄ ሌላ ነው። ሦስት ቁጥር ሆኖ ፈትሁዲን ይባልልኝ።»

ደስ አለኝ። «ለወንድምህ ነው? ምነው እስከዛሬ ሳታስበው» አልኩት።

«ለኔ ነው።»

«ላንተማ ናስረዲን ነው።»

«አይደለም» አለና ጨርቅ የተከመረበት አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ። ሙሉመቤት መቀሷን አስቀመጠች። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላል ያገሬ ሰው፤ እኛ ግን መስከረምን መጠበቅ አላስፈለገንም።

በዚያ የሙከራ ቀን እሱ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ክለቡ ደግሞ ከአሥራ ሰባት በታች መሆኑን የሚያሳይ የስምንተኛ ክፍል ካርድ ይጠይቃል። አባታቸው ፎንቆ ገበያ በርበሬ የሚሸጡ ሰው ነበሩ፤ ልጃቸው ኳስ ሲጫወት ሥራ ፈትተው ቆመው የሚያዩ። አሥራ አምስት ዓመት የሆነው ታናሽ ወንድሙ በዚያው ዓመት ስምንተኛ ክፍል አልፎ ካርዱ ቤት ተቀምጧል። አባትየው ካርዱን አንስተው ለትልቁ ሰጡት። «ለአንድ ቀን ነው» አሉ። ሁለቱም የአባታቸውን አፍንጫ ስለያዙ ፎቶውን ያየ ሰው አልተጠራጠረም። ልጁ ተመረጠ፣ ካርዱ ክለቡ ፋይል ውስጥ ገባ፣ አንዱ ቀን አሥራ ሦስት ዓመት ሆነ። ታናሹ ዘጠነኛ ክፍል ሊመዘገብ ሲሄድ ካርድ የለውም። አባትየው የትልቁን አሮጌ ካርድ አውጥተው ሰጡት። በዚያ ተመዘገበ፣ በዚያ ተማረ፣ በዚያ መንጃ ፈቃድ አወጣ።

እዚህ ላይ እናንተም እንደኔ እንዳትንከራተቱ ስማቸውን ትቼ ታላቁና ታናሹ ልበላቸው። ተጫዋቹ ታላቁ ነው፤ እናቱ ያወጡለት ስም ፈትሁዲን ነው። ባለ ባጃጁ ታናሹ ነው፤ እናቱ ያወጡለት ናስረዲን ነው። ከተማው ግን ገልብጦ ነው የሚያውቃቸው። ትክክለኛውን የሚያውቀው ፎንቆ ያለው ዘመድና ጎረቤት ብቻ ነው፤ እነሱም ሲጠየቁ ሳል ይጀምራቸዋል።

«ስሜ ስላልሆነ ነው የማልዞረው» አለ ታላቁ። «ሲጠሩኝ ወንድሜን የጠሩት ይመስለኛል። ልምምድ ላይ እንኳ አሰልጣኝ ጮሆ ሲጠራኝ የት አለ ብዬ ወንድሜን ስፈልግ ራሴን አግኝቼዋለሁ። አሁን እየለመድኩት መጣሁ ስል ጉልበቴ አለቀ። ጉልበቴ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ጋሽ ተክሌ። እሱ ካርድ የለውም።»

ሙሉመቤት ሳቀች፤ እሱ ግን አልሳቀም።

«ታዲያ አሁን ምን ጎደለህ? አበቃ እኮ» አልኩት።

«እናቴ» አለ። «አሥራ ሦስት ዓመት ስታዲየም ገብታ አታውቅም። ፈትሁዲን የሞተ ታላቅ ወንድሟ ስም ነው። አባቴ ካርዱን የሰጠኝ ቀን ‹ያወጣሁለትን ስም ትተው ሌላ ሲጠሩት ቁጭ ብዬ አልሰማም› አለች። ያለችውን አልቀየረችም። አባቴ እንኳ ሊሞት ሲል ለምኗት አልሄደችም። ባለፈው ሳምንት ‹አማ፣ የመጨረሻዬ ነው› ስላት ‹በስምህ ከጠሩህ እመጣለሁ› አለችኝ። አንድ ጊዜ ይበቃኛል። አንድ ጊዜ ሕዝቡ በስሜ ይጥራኝና እሷ ትስማ።»

ፊደሉን ሙሉመቤት ቆረጠች። እኔ ማተሚያውን ከፍቼ እስኪሞቅ ስጠብቅ አንድ ነገር ገባኝና ፈራሁ። ይህ ነገር ከታወቀ ክለቡ ምን ይሆናል? ያደግንበት ዓመት ነጥብ ምን ይሆናል? ታናሹስ? እሱ ሲወጣ እኔ ወደ ታናሹ ሄድኩ።

ታናሹን መናኸሪያ አጠገብ ባጃጁ ውስጥ አገኘሁት። የናስረዲን ማልያ ለብሷል። «ነገረህ?» አለኝ ገና ስቀመጥ።

«ነገረኝ። ምን ትላለህ?»

«ይታተም» አለ። «ስሙ የሱ ነው፤ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አላስመለሰኝም። ግን ምክንያቱን ማንም በአፉ አይናገር፣ ጋሽ ተክሌ። መንጃ ፈቃዴ በሱ ስም ነው። ልጄ ትምህርት ቤት ሙኒራ ፈትሁዲን ነው የምትባለው። የሱ ልጅ ደግሞ ሰፊያ ናስረዲን ነች። አንዱ ክር ቢመዘዝ የሁላችንም ልብስ ነው የሚተረተረው።»

«ማልያውንስ ለምን ነበር በየዓመቱ የምታሳትመው?»

«የራሴን ስም ለብሼ ስሄድ ማንም አይጠይቀኝም» አለ። «ደጋፊ ነኝ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እንደማልናገር ማልኩለት። ወደ ሱቄ ስመለስ ግን ጭንቅላቴ ዞረ። አሥራ ሦስት ዓመት ናስረዲንን ኩራተኛ ብዬ ጠላሁ፤ ናስረዲን ደግሞ ለካ ያ አሮጊት የሚለቅመው ደግ ሰው ነው። ፈትሁዲንን ወደድኩ፤ ፈትሁዲን ለካ ያ የጠላሁት ነው። የጠላሁት ስሙን ነው ሰውየውን? ታላቁ የታናሹን ስም ይዞ ማንም የማይወደው ስም አደረገው። ታናሹ የታላቁን ስም ይዞ ሆሳዕና የሚመርቀው ስም አደረገው። ይህ ሁሉ ምርቃት የማን ነው? የዚያ አሥራ ዘጠኝ ድምፅስ? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ እኔ ግን ከመቃብር በታችም በላይም ያለው ማን እንደሆነ ጠፋኝ። ለሙሉመቤት ስነግራት «ሁለቱንም ውደዳቸውና ተገላገል» አለችኝ። ለሷ ቀላል ነው።

የጨዋታው ቀን እሁድ ነበር። ታናሹ እናታቸውን ከፎንቆ ሚኒባስ አውርዶ በባጃጅ አመጣቸውና «ጋሽ ተክሌ፣ አደራህን፣ እኔ ከደጋፊው ጋር ልቁም» ብሎ ከኔ አጠገብ አስቀመጣቸው። እትዬ ሃቢባ ቀጠን ያሉ፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ፣ ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ የያዙ ሴት ናቸው። አማርኛቸው በሀዲይኛ ቢለወስም የሚፈልጉትን ለመናገር አልከለከላቸውም። ቡድኖቹ ሲገቡ ማሳየት አላስፈለገኝም።

«ያ ነው» አሉ በጃንጥላው እያመለከቱ። «ሲሮጥ አባቱን።»

ጨዋታው ሲጀመር በተመዘገበው ስም መጫወት ግዴታ ስለሆነ የድሮውን ማልያ ነበር የለበሰው። ሽኝቱ ስለሆነ ሕዝቡም በዚያ ቀን ደግ ሆኖ በአሥራ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ «ናስረዲን፣ ናስረዲን» አለ። እትዬ ሃቢባ አንገታቸውን ደፍተው ጫማቸውን አዩ። ጩኸቱ ሲያልቅ ቀና አሉ።

«እሱ እዚያ ዳር ብቻውን ነው የሚሮጠው» አሉኝ ቆይተው። «ሰው ኳስ ለምን አይሰጠውም?»

«ተከላካይ ነው፣ እትዬ። ሥራው የሌላውን ኳስ መውሰድ ነው።»

«የሰው ነገር መውሰድ አስተማሩት እንዴ» አሉ።

እርግጥ ጥሩ ተጫወተ። ከዚህ በፊት ስጠላው ስለኖርኩ አላየሁትም ነበር። በተጋጣሚያችን በዱራሜው ቡድን ክንፍ ላይ የሚጫወት ፈጣን ልጅ አለ፤ አንዴም አላሳለፈውም። ሀምዛ ሁለት ጎል አገባ፤ ሁለተኛዋን ያሻገረለት እሱ ነው። ሕዝቡ ስለ ሀምዛ ዘፈነ። እትዬ ሃቢባ «ማን ሰጠው ኳሱን?» ብለው ጠየቁኝ፤ «የርስዎ ልጅ ነው» ስላቸው «አየሁ» አሉ፣ ሌላ አልጨመሩም።

ጨዋታው ሲያልቅ ብዙነህ ማይክራፎን ይዞ ወደ መሃል ሜዳ ገባ። ሁለቱ ቡድን በሁለት በኩል ተሰለፈ። ያ በፍሬም የገባው ማልያ በብዙነህ ብብት ነበር። ታላቁ ከተጠባባቂ ወንበር ሥር ፌስታሉን አውጥቶ እኔ ያተምኩትን ለበሰ። መሃል ደርሶ ለሕዝቡ ጀርባውን ሰጠ። ሰዉ ፊደሉን ሲያነብ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። የእትዬ ሃቢባ እጅ ክንዴን ያዘ፤ ማንበብ አይችሉም፣ ግን ገብቷቸዋል።

ብዙነህ ማልያውን አየ፣ በብብቱ ያለውን ፍሬም አየ፣ ተመልሶ ማልያውን አየ። ታላቁ አንድ ቃል አልተናገረም፤ እንዳይናገር ለታናሹ ቃል ገብቷል። ብዙነህ ደግሞ ዝምታ አይችልም።

«ወገኖቼ» አለ በማይክራፎኑ። «ኩራተኛ ስንለው ነበር። ይቅር ይበለን። የመጨረሻ ማልያውን ለማን እንደሰጠ ተመልከቱ። ባጃጅ እየነዳ ላገዘው፣ ለታላቅ ወንድሙ፣ ለሁላችንም ወንድም ለፈቱ።»

ስታዲየሙ ተነሣ። «ፈትሁዲን! ፈትሁዲን!» እንደዚያ ያለ ጩኸት ለሀምዛም ሰምቼ አላውቅም። በየቤቱ ያደረሳቸው፣ ሚስቶቻቸውን ሐኪም ቤት ያደረሰላቸው ሁሉ በአንድ አፍ ይጠራሉ። ሕዝቡ አጥሩን ዘሎ ታናሹ ወደቆመበት ወደ ደጋፊው ጥግ ሮጠ። ሀምዛ ከሁሉም ቀድሞ ደርሶ ታናሹን በትከሻው አነሣው። ታናሹ ለመውረድ ይታገላል፣ በጣቱ ወደ መሃል ሜዳ ያመለክታል፤ ሰዉ ወንድሙን እያመሰገነ መስሎት የበለጠ ጮኸ።

ታላቁ በመጀመሪያው ጥሪ ነው የዞረው። ወዲያው፣ አንድ እርምጃ እንኳ ሳያልፍ፣ እጁን ወደ ሕዝቡ ከፍ አድርጎ ዞረ። የሚያየው ሰው ግን አልነበረም። ብዙነህም ፍሬሙን ሣር ላይ አስቀምጦ ከሌሎቹ ኋላ ሮጧል።

«ጠሩት» አሉ እትዬ ሃቢባ። ጉንጫቸው ላይ እንባ ይወርዳል፣ ይስቃሉም። «ሰማህ? በስሙ ጠሩት።» ከዚያ ሳቃቸው ቀስ እያለ ቆመ። «ልጄ እዚያ ቆሟል። ሰዉ ወዴት ነው የሚሄደው?»

ለታናሹ ምያለሁ። «ደስ ብሏቸው ነው» አልኩ፤ ምን ማለት እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ተነሥተው ደረጃውን ወረዱ። ተከተልኳቸው። በሩ ላይ አንድ ጥበቃ ቆሟል። «ወዴት ነው፣ እናቴ? መግባት ክልክል ነው» አላቸው።

«የፈትሁዲን እናት ነኝ» አሉ፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ እያንዳንዱን ፊደል እየረገጡ።

የሰውየው ፊት በራ። «የፈቱ እናት? እኔንም ሚስቴንም እኮ ነው የረዳን» አለና ዝቅ ብሎ እጃቸውን ሳመ። ከዚያ ዞሮ «መንገድ ስጡ፣ የፈትሁዲን እናት ናት» እያለ በክንዳቸው ይዞ በክብር ወደ ሕዝቡ ጥግ፣ በትከሻ ላይ ወዳለው ልጃቸው ይወስዳቸው ጀመር።

«እሱ አይደለም» ሲሉ ሰማሁ። «በዚያ በኩል ነው። ያኛው ነው።» ጥበቃው በጩኸቱ መሃል አልሰማም። የሚሰማው አንድ እኔ ነበርኩ። ክንዱን ይዤ «ሰውዬ፣ ተሳስተሃል» ማለት ያቅተኝ ነበር? አፌን ያዝኩ። እስከዛሬ አፍራለሁ።

ታላቁ ከመሃል ሜዳ አያቸው። እጁን አነሣ። እሳቸውም ዞረው ጃንጥላቸውን ከሰው ራስ በላይ ከፍ አደረጉ። ሴቶቹ እልል እያሉ ከበቧቸውና ጃንጥላውም ከዓይኔ ጠፋ። ታላቁ ጥቂት ቆሞ ጠበቀ፤ ከዚያ ብቻውን ወደ መልበሻ ክፍል ገባ።